መጀመሪያ ጥልቀቱን፦ ብሉ ሜሳ ላይ ኮካኒና ትራውት እንዴት እንደማጠምድ

ሳምንቱን ሙሉ በሰዓት 65 ማይል እነዳለሁ። ቅዳሜ ጠዋት በሰዓት 1.4 ማይል። ሥራዬ የጭነት መኪና ነው፤ የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ። ቅዳሜ የምነዳት ግን ከእኔ በፊት ሁለት ሰው የነዳት፣ 16 ጫማ የምትረዝም የአሉሚኒየም ጀልባ ነች። ባለቤቴ "እረፍትህም መንዳት ነው?" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን እንዲህ ቀስ ብሎ መንዳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ብሉ ሜሳ በሚባለው ሐይቅ ላይ እንዴት እንደማጠምድ ሰዎች በየጊዜው ስለሚጠይቁኝ የማውቀውን ልጻፈው ብዬ ነው።

"ኮካኒ ነው የማጠምደው" ስል አብዛኛው ሐበሻ መጀመሪያ የሚለኝ "ከቆቃ ነው እንዴ?" ነው። ከቆቃ አይደለም። ስሙ የመጣው ከሳሊሾች ቋንቋ ነው፤ የሰሜን ምዕራብ አሜሪካና የካናዳ ነባር ሕዝቦች ናቸው። አሳው ሶካይ የሚባለው ሳልመን ነው። ልዩነቱ ባሕር አለማየቱ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ሐይቅ ውስጥ ይኖራል። ሦስት ወይም አራት ዓመት ሲሞላው በመኸር ወንዙን ሽቅብ ይወጣል፤ ቀይ ይሆናል፤ እንቁላሉን ይጥልና ይሞታል።

እኔ ያደግሁት ሐዋሳ ነው። ልጅ ሆኜ አሳ ማጥመድ ማለት መቀመጥ ነበር። ሸምበቆ፣ ክር፣ መንጠቆ፣ ትል፤ ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ። ቆሮሶ ይመጣል፣ ቀን ከቀና አምባዛ። ኮካኒን ግን ተቀምጦ መጠበቅ አያዋጣም። ምግቡ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ የውሃ ነፍሳት ናቸው፤ ዳፍኒያ የሚባሉት ዓይነት። እነሱን ነው የሚበላው። ትላችሁን ርቦት ፍለጋ አይመጣም። መንጠቆ የሚነክሰው አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ፊቱ ሲወዛወዝበት ተናዶ ነው ይባላል። ስለዚህ እናንተ ናችሁ ወደ እሱ የምትሄዱት። ጀልባዋን ቀስ አድርጋችሁ እየነዳችሁ መንጠቆውን ከኋላ ትጎትታላችሁ። ትሮሊንግ የሚሉት ይህን ነው።

የመጀመሪያውን ሰመር ቀለም ስገዛ ከረምኩ። ሮዝ፣ ብርቱካናማ፣ ሐምራዊ፣ በጨለማ የሚያበራ አረንጓዴ። የዕቃ ሣጥኔ የሠርግ ቤት መሰለ። አሳ ግን የለም። አራት ጊዜ ሄጄ አራት ጊዜ ባዶ እጄን የሞናርክን ተራራ ተሻግሬ ተመለስኩ። በአምስተኛው የእህቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ። ያኔ 14 ዓመቱ ነበር። መንጠቆውን ወደ ታች የሚያወርደውን ሽቦ ሰጥቼው "35 ጫማ ላይ አቁመው" አልኩት። እሱ ስልኩ ላይ ነበር። ሽቦው ሲወርድ፣ ሲወርድ 58 ላይ ደረሰ። ልቆጣው አፌን ስከፍት ዘንጉ ተንቀጠቀጠ። በዚያች አንድ ሰዓት አምስት አሳ ያዝን። ክሩ ላይ የነበረው የመጀመሪያ ቀን የገዛሁት ያው ሮዝ ነበር። ልጁ እስከ ዛሬ "ካፒቴኑ እኔ ነኝ" ይላል።

ከዚያ በኋላ የምከተለው ቅደም ተከተል አልተለወጠም። መጀመሪያ ጥልቀት፣ ቀጥሎ ፍጥነት፣ ቀለም ለመጨረሻ። ሱቅ ውስጥ ያለው ማስታወቂያ በተቃራኒው ነው የሚሄደው፤ ጥልቀት አይሸጥማ።

ስለ ቦታው

ብሉ ሜሳ ከዴንቨር 200 ማይል ገደማ ይርቃል። በአውራ ጎዳና 285 ትወርዳላችሁ፣ በ50 ሞናርክ ፓስ የሚባለውን የተራራ መተላለፊያ ትሻገራላችሁ፣ ገኒሰን ከተማን አልፋችሁ ትደርሳላችሁ። ሞናርክ 11,312 ጫማ ነው። ጀልባ እየጎተታችሁ ስትወርዱ እግራችሁን ፍሬን ላይ ተክላችሁ አትውረዱ፤ ማርሽ ቀንሱ። ይህን የምላችሁ እንደ አሳ አጥማጅ ሳይሆን እንደ ሹፌር ነው።

ግድቡ የተጠናቀቀው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው፤ የገኒሰንን ወንዝ ነው የያዘው። ሐይቁ ሲሞላ 20 ማይል ያህል ይረዝማል። በኮሎራዶ ከዚህ የሚበልጥ የውሃ አካል የለም። ከባሕር ጠለል በላይ 7,519 ጫማ ላይ ነው፣ ወደ 2,290 ሜትር። አዲስ አበባ በሉት። ስለዚህ በሰመርም ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጃኬት ይዛችሁ ሂዱ።

ሐይቁ ሦስት ሰፊ ክፍል አለው። ከምሥራቅ ሲጀመር አዮላ፣ ሲቦላ፣ ሳፒኔሮ። ሦስቱም ውሃው የዋጣቸው መንደሮች ስም ነው። አንዳንዴ ስክሪኑ ላይ የሐይቁን ወለል ሳይ ከሥሬ የማን በር ይሆን እላለሁ።

ኮካኒው እዚህ የሚኖረው ሰው ስለሚያራባው ነው። በመኸር ከሐይቁ ወጥቶ በገኒሰን ወንዝ፣ ከዚያም በኢስት ወንዝ ሽቅብ ሮሪንግ ጁዲ ወደሚባለው ማራቢያ ይሄዳል። እዚያ እንቁላሉ ይወሰዳል፣ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ በጸደይ ይለቀቁና ወንዙን ተከትለው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ይህን ማወቅ ለአጥማጅም ይጠቅማል። በሰመር መጨረሻ ለመውጣት የደረሱት ትልልቆቹ ወደ አዮላ በኩል፣ ወደ ወንዙ አፍ መጠጋት ይጀምራሉ። በጁላይ ግን እኔ ጥልቅ ውሃ ወዳለበት ወደ ሲቦላና ሳፒኔሮ ነው የምሄደው።

ዕቃ

ውድ ነገር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ለስላሳ ነገር ነው። ዘንጉ 7 ወይም 8 ጫማ፣ ቀጭን፣ እስከ ወገቡ የሚታጠፍ ይሁን። የኮካኒ አፍ እርጥብ ወረቀት ማለት ነው። ጠንካራ ዘንግ ቀዶት ይወጣል። በዚሁ ምክንያት የተጎነጎነውን ክር ለኮካኒ አልወደውም፤ አይለጠጥም። 10 ወይም 12 ፓውንድ ተራ ናይለን ይበቃል። ማጠንጠኛው ስንት ጫማ ክር እንደወጣ የሚቆጥር ቢሆን ጥሩ ነው። ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ እዚህ ላይ አውጡት፤ የያዘላችሁን ርቀት መልሳችሁ ማግኘት የምትችሉት በእሱ ነው።

ጥልቀት ላይ ለመድረስ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዳውንሪገር ነው። ጀልባው ጠርዝ ላይ የሚታሰር ትንሽ ዊንች ነው። ከ8 እስከ 10 ፓውንድ የሚመዝን የእርሳስ ኳስ በሽቦ ያወርዳል። ክራችሁ ኳሱ አጠገብ በመቆንጠጫ ይያዛል። አሳው ሲነክስ ክሩ ከመቆንጠጫው ይላቀቃል። ከዚያ በኋላ ክብደት የለም፤ እናንተና አሳው ብቻ ናችሁ።

ሁለተኛው መሐሉ እርሳስ ያለበት ክር ነው። በየ10 ያርዱ ቀለሙ ይቀየራል፤ "ስንት ቀለም አወጣህ?" ይባባላሉ። በሰዓት 1.5 ማይል አካባቢ ስትጎትቱ እያንዳንዱ ቀለም በግምት 5 ጫማ ያወርዳል። 35 ጫማ ከፈለጋችሁ ሰባት ቀለም ማለት ነው። ግምት መሆኑን አትርሱ። ጀልባው ሲፈጥን ክሩ ከፍ ይላል፣ ሲዘገይ ይወርዳል። ለጁን ጥሩ ነው። ኮካኒው 60 ጫማ ሲገባ ግን ትግል ይሆናል። እኔ አሮጌ በእጅ የሚዞር ዳውንሪገር ገዝቼ ተገላገልኩ።

የአሳ ማያ ስክሪን የግድ ያስፈልጋል። ያለ እሱ በ60 ጫማ ውሃ ውስጥ መፈለግ መብራት በሌለበት ሌሊት ቁልፍ መፈለግ ነው።

ጥልቀቱን ማግኘት

ሐይቅ ውስጥ ስትዋኙ ደረታችሁ ሞቆት እግራችሁን ቅዝቃዜ ቆንጥጦት ያውቃል? በሰመር ሐይቁ እንደዚያ በንብርብር ይከፈላል። ላይኛው ሞቃት፣ ታችኛው ቀዝቃዛ፣ መሐል ላይ ድንበር። ኮካኒ የሚመቸው ከ50 እስከ 55 ፋራናይት ያለው ውሃ ነው፤ ከ10 እስከ 13 ሴልሺየስ ገደማ። በጁላይ ያ ውሃ ላይ የለም። እሱን ተከትሎ አሳው ይወርዳል።

ደብተሬ ላይ ያለው ይህ ነው። ሜይ መጨረሻ ከ20 እስከ 30 ጫማ። ጁን አጋማሽ ከ35 እስከ 45። ጁላይ ከ45 እስከ 60። ኦገስት ከ55 እስከ 75። የእኔ ደብተር ነው፤ እናንተ የራሳችሁን ያዙ። በየዓመቱ የውሃው መጠንና ሙቀቱ ይለያያል።

በአንድ ቀን ውስጥም ይንቀሳቀሳል። ፀሐይ ስትወጣ የውሃ ነፍሳቱ ብርሃን ሸሽተው ይወርዳሉ። ኮካኒውም ምግቡን ተከትሎ ይወርዳል። በሐበሻ ሰዓት ከንጋቱ 11:30 ላይ 40 ጫማ ያገኘሁትን አሳ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ 60 ጫማ አገኘዋለሁ። ጠዋት ጥሩ ይዘው በኋላ "አሳው ጠፋ" የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አሳው አልጠፋባቸውም። እነሱ ናቸው ላይ የቀሩት።

ስለዚህ መንጠቆ ከመጣሌ በፊት ለ15፣ ለ20 ደቂቃ ስክሪኑን እያየሁ ብቻ እዞራለሁ። የእህቴ ልጅ ይህን ክፍል ይጠላዋል። የኮካኒ መንጋ ስክሪን ላይ መሐል ውሃ ላይ የተበተኑ ትንንሽ ቅስቶች ሆኖ ይታያል። ከመንጋው ሥር ብቻውን የተጋደመ ወፍራም ቅስት ካያችሁ ሌክ ትራውት የሚባለው ትልቅ አሳ ሊሆን ይችላል። ኮካኒውን የሚበላው እሱ ነው።

መንጋውን 50 ጫማ ላይ ካያችሁት አንዱን ዘንግ 50 ላይ፣ ሌላውን 45 ላይ አድርጉት። ከሥሩ አትለፉ። ኮካኒ ወደ ላይ ያያል፣ ወደ ላይም ይወጣል። ወርዶ የሚነክስ ግን ትንሽ ነው።

ማውረድ

መጀመሪያ ሁሉንም ነገር ጀልባው ጎን፣ ዓይናችሁ ሥር፣ ውሃ ውስጥ እያስገባችሁ እዩት። ክሩ ላይ ዶጀር የሚባል ከ4 እስከ 5 ኢንች ተኩል የሚሆን የሚያብረቀርቅ የብረት ዝርግ አለ። ሥራው ሩቅ ያለውን አሳ መጥራትና ከኋላው ያለውን ማታለያ መወዝወዝ ነው። ዶጀሩ እንደ ውሻ ጅራት ግራ ቀኝ መወዛወዝ አለበት። ከተሽከረከረ ፈጥናችኋል። ዝም ብሎ ከተጎተተ ዘግይታችኋል። እኔ ፍጥነቴን የማስተካክለው ስልኩ ላይ የሚታየውን ቁጥር ከማየቴ በፊት በዚህ ነው።

ከዶጀሩ እስከ ማታለያው ያለው ክር ትልቅ ነገር ነው። ሰው ይንቀዋል። የእኔ መነሻ ከዶጀሩ ርዝመት ሁለት እጥፍ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 13 ኢንች። አጠር ሲል ማታለያው በኃይል ይንፈራገጣል። ረዘም ሲል ይረጋጋል። አሳው እየተከተለ የማይነክስ ከመሰላችሁ ቀለም ከመቀየራችሁ በፊት ክሩን ሁለት ኢንች አሳጥሩት። ማታለያው ራሱ ኢንች ተኩል የምትሆን የጎማ ስኩዊድ ብትሆን ይበቃል። ከኋላዋ ሁለት ትንንሽ መንጠቆ ተከታትለው ይታሰሩ፣ ቁጥር 4 ወይም 6።

ከዚያ በቆሎ። አዎ፣ በቆሎ። ቀጫጭን ፍሬ ያለው ነጭ የቆርቆሮ በቆሎ ነው። በእያንዳንዱ መንጠቆ ላይ አንድ ፍሬ። ለምን እንደሚወዱት በልበ ሙሉነት የሚነግራችሁ አታገኙም፤ ያለ በቆሎ የሚጎትት የኮካኒ ሰው ግን አላየሁም። ማታውኑ ፈሳሹን አፍስሼ በነጭ ሽንኩርት ወይም በቱና ዘይት አሸዋለሁ። አንድ ጓደኛዬ ሚጥሚጣ ሞከረ። ከሰዓት በኋላ ዓይኑን አሸት አደረገ እንጂ ያመጣው ነገር የለም። ከሚጥሚጣው ይልቅ እጃችሁን አስቡ። ቤንዚን ወይም የፀሐይ ክሬም የነካ እጅ በቆሎውን አይንካ። ሞተሩን የሚነካና መንጠቆ የሚያስር ሰው የተለያየ ቢሆን ጥሩ፤ ብቻችሁን ከሆናችሁ ሳሙና ያዙ።

አሁን ክሩን ልቀቁ። በጸደይ፣ አሳው ላይ ሲሆን፣ ጀልባው ያስደነግጠዋል፤ ከ75 እስከ 100 ጫማ ወደ ኋላ ለቅቄ ነው መቆንጠጫው ላይ የማስረው። አሳው 50 ጫማ ከወረደ በኋላ 20 ወይም 30 ጫማ ይበቃል። ኳሱን ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ፣ ጀልባዋ እየሄደች። ዝም ብላችሁ ከለቀቃችሁት ዶጀሩና ሽቦው ተጠላልፈው ግማሽ ሰዓት ክር ስትፈቱ ትውላላችሁ። ከታች ሲደርስ ክሩን አጠንጥኑት፣ ዘንጉ እንደ ቀስት ይጎብጥ።

ፍጥነት

ለኮካኒ ከ1.0 እስከ 1.8 ማይል ባለው መሐል ይገኛል። እኔ 1.3 ላይ እጀምርና 1.4 ወይም 1.5 ላይ እረጋጋለሁ። ቀጥ ብላችሁ ግን አትንዱ። ኤስ እየሠራችሁ ሂዱ። ስትታጠፉ በውጭ በኩል ያለው ዘንግ ይፈጥናል፣ በውስጥ በኩል ያለው ይዘገያል፣ ይወርዳልም። ስለዚህ እያንዳንዱ መታጠፊያ ነፃ ሙከራ ነው። የውጩ ከነከሰ ፍጥነት ጨምሩ። የውስጡ ከነከሰ ቀንሱ። የ18 ጎማ ሹፌር ይህን ቶሎ ይገባዋል፤ የመጨረሻው ጎማና የመጀመሪያው አንድ መንገድ አይሄዱም።

ነፋስ ከኋላ ሲገፋችሁ ሞተሩ በትንሹም ቢሆን 2 ማይል ያስኬዳችኋል። መፍትሔው ባልዲ ነው። ባለ 5 ጋሎን ባልዲ፣ ታቹ ላይ ጥቂት ቀዳዳ፣ እጀታው ላይ ጠንካራ ገመድ። ከጀልባው ጎን አስራችሁ ውሃ ውስጥ ጎትቱት። ጀልባዋ ትገራለች። ሱቅ ውስጥ ለዚሁ የተሠራ ሸራ አለ፤ የእኔ ባልዲ ቀለም ሰው የቀባበት ነው፣ እስካሁን አላሳፈረኝም።

አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ጥልቀቱን፣ ፍጥነቱንና ማታለያውን በአንዴ ቀይራችሁ አሳ ከመጣ ምኑ እንዳመጣው አታውቁም።

ቀለምስ? እሺ። በላይኛው ውሃ ሮዝና ብርቱካናማ። ቀይ ነገር ውሃ ውስጥ ጠለቅ ሲል ቀለሙን ያጣል፤ ስለዚህ ከ50 ጫማ በታች አንዱን ዘንግ አረንጓዴ ወይም የሚያበራ አደርገዋለሁ። በቃ።

ሲነክስ

አሳው ክሩን ከመቆንጠጫው ሲያላቅቅ የጎበጠው ዘንግ ቀጥ ይላል። አዲስ ሰው እዚህ ጋ "አመለጠ!" ብሎ ይቆማል። አላመለጠም። ቶሎ ቶሎ አጠንጥኑ፣ ክብደቱ እስኪሰማችሁ። ዘንጉን ግን አትንጠቁት። የማጠንጠኛው ፍሬን ላላ ያለ ይሁን፤ አሳው ሲጎትት ክር ይውሰድ። ኮካኒ ጀልባውን ሲያይ ይፈነዳል። ይዘላል፣ ይንከባለላል፣ በጀልባው ሥር ይገባል። ካመለጡኝ አሥር ውስጥ ሰባቱ ያመለጡኝ እዚያች የመጨረሻዋ 10 ጫማ ላይ ነው። እጀታው ረጅም የሆነ፣ ጎማ የተቀባ መረብ ያዙ። መረቡ ውሃ ውስጥ ቀድሞ ይግባ፣ አሳውን ወደ መረቡ ምሩት፤ ከራሱ በኩል። በክሩ አንጠልጥላችሁ አታውጡት።

የምትበሉት ከሆነ ወዲያው ስንጥቡን ቆርጣችሁ ደሙን አፍስሱ። ከዚያ በረዶና ውሃ ያለበት ሣጥን ውስጥ፣ ላዩ ላይ አንድ እፍኝ ጨው። የኮካኒ ሥጋ ለስላሳ ነው። ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ከቆየ ገንፎ ነው።

ትራውት

ኮካኒው እምቢ ሲል ወደ ዳር እጠጋለሁ። ሬይንቦው ትራውት ከላይኛው 30 ጫማ ብዙም አይርቅም። ከኮካኒ ትንሽ ሞቅ ያለ ውሃ ይመቸዋል። ዳርቻውን፣ አለታማ አፍንጫዎችን፣ ጅረት የሚገባባቸውን ቦታዎች ተከትላችሁ ጎትቱ። ፍጥነቱ ከ1.5 እስከ 2.2 ይሁን። ሦስት ወይም አራት ቀለም የእርሳስ ክር፣ ጫፉ ላይ ማንኪያ የሚባለው ትንሽ የብረት ማታለያ ወይም ትል ያለበት ሽክርክሪት። ትራውት እንደ ኮካኒ አይግደረደርም። ርቦት ነው የሚበላው፣ አፉም ጠንካራ ነው። ልጅ ይዛችሁ ከወጣችሁ በትራውት ጀምሩ፤ ከመጀመሪያው አሳ በፊት የልጅ ትዕግሥት አንድ ሰዓት አይሞላም። ብራውን ትራውት ከፈለጋችሁ ደግሞ ጎህ ሲቀድ፣ ዳር ላይ፣ ትንሽ አሳ የሚመስል ማታለያ።

ትራውት ለሐበሻ እንግዳ እንዳይመስላችሁ። ባሌ ተራሮች ላይ፣ ዲንሾ አካባቢ ባሉት ወንዞች ከኬንያ የመጣ ትራውት ከስልሳዎቹ ጀምሮ አለ። እኔ ይህን ያወቅሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ መሆኑ ነው የሚያሳፍረው።

ነፋሱና ወረቀቱ

ብሉ ሜሳ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ጠዋት መስታወት የነበረ ውሃ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነጭ አረፋ ያወጣል። በ16 ጫማ ጀልባ ቀልድ አይደለም። አንድ ጊዜ "አንድ አሳ ብቻ ልጨምር" ብዬ ቆይቼ ወደ መውጫው ለመመለስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ልጁ ውሃ እየቀዳ፣ እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እያልኩ። አሁን 5 ሰዓት ከረፋዱ ላይ መጠቅለል እጀምራለሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ዋና መቻል ብዙ አያድንም። ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባው ሲሄድ የሕይወት አድን ጃኬት መልበሱ ሕግ ነው። አዋቂውም ይልበሰው።

ዕድሜው 16 የሞላ ሁሉ የኮሎራዶ የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ዓመታዊው ከማርች 1 እስከ ቀጣዩ ዓመት ማርች 31 ይሠራል። አንድ ሰው ሁለት ዘንግ የሚጠቀም ከሆነ የሁለተኛ ዘንግ ቴምብር ተጨማሪ ይገዛል። ብዙ የእኛ ሰው የሚቀጣው እዚህ ላይ ነው። በቀን ስንት አሳ እንደሚፈቀድ በየሐይቁ ይለያያል፣ ይቀየራልም፤ ከመሄዳችሁ በፊት የዓመቱን ደንብ አንብቡ።

ጀልባችሁ ከመግባቷ በፊት ትመረመራለች። ምክንያቱ ዜብራ የሚባለው ቀንድ አውጣ መሰል ዛጎል ነው፤ ቧንቧና ግድብ ይደፍናል። በ2022 ኮሎራዶ ውስጥ ሃይላይን ሐይቅ ላይ ተገኝቷል። ውሃዋን አፍስሱ፣ እጠቡ፣ አድርቁ። ከዚያ ደግሞ የታችኛዋን መድፈኛ መልሳችሁ መግጠም አትርሱ። እኔ ረስቼ ጀልባዬን ሰው በተሰበሰበበት መውረጃ ላይ ውሃ አጠጥቻታለሁ።

ቤት ስንደርስ

ኮካኒ ቆሮሶ አይደለም። ቅባት አለው፣ ይፈርሳል። በዘይት አጥልቃችሁ ብትጠብሱት ይከፋባችኋል። እኔ ሙሉውን በፎይል እጠቀልለዋለሁ። ሆዱ ውስጥ የተሰነጠቀ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ሎሚ። 400 ፋራናይት ላይ 15 ደቂቃ። ለዱለት ትራውቱ ይሻላል፤ ሥጋው ጠበቅ ያለ ነው፣ ሲከተፍ ይታዘዛል።

ሐዋሳ አሞራ ገደል ቁጭ ብሎ ጥሬ አሳ በአዋዜ የበላ ሰው እዚህም ሊያምረው ይችላል። እንዲሁ አትብሉት። ሳልመንና ትራውት ጥገኛ ትል ሊኖራቸው ይችላል። ጥሬ ለመብላት ከዜሮ በታች 4 ፋራናይት ላይ 7 ቀን መቀዝቀዝ አለበት፤ የቤት ፍሪዘር ብዙውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። አብስሉት።

የኦገስት ጣጣ ደግሞ ፍልሰታ ነው። ኮካኒው ወፍሮ በሚገኝበት ሰዓት፣ ኦገስት 7 ላይ ጾሙ ይገባል። ጎረቤታችን አሳ ትበላለች፣ ባለቤቴ አትበላም። ክርክሩን ለአባቶች ትቼዋለሁ። የያዝነውን አጥበን፣ አየር በሚያወጣው ማሽን በላስቲክ አሽገን እስኪፈታ ፍሪዘር ውስጥ እናስቀምጣለን። ማሸጉ የእህቴ ልጅ ሥራ ነው። ላስቲኩ ላይ ቀኑን ጻፍበት ብየዋለሁ። እሱ የሚጽፈው ሌላ ነው። ባለቤቴ ፍሪዘሩን ስትከፍት "52 ጫማ፣ 58 ጫማ፣ 61 ጫማ" የሚሉ አሳዎች ተደርድረው ታገኛለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም እንዳይነካው ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረበት አንድ "58" አለ።